ነቀዝ አጥኚው

በስልሳ አምስቱ ረሃብ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚሄድ አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነቀዝ አጥኚ፣ ሌላው የዋጃ ገበሬ።

«አባቴ፣ የማሽላ ጉድጓድዎን ያሳዩኛል?»

«ባዶ ነው፣ ጌታው። ሰዉ እያለቀ ነው፤ ሲመለሱ ለመንግሥት ይንገሩልን።»

«ረሃብ የኔ ክፍል አይደለም። ስለ ነቀዝ ስጽፍ ሾሙኝ፤ ስለ ረሃብ የጻፈ ጓደኛዬን አባረሩት።»

«እንግዲያ ስለ ነቀዙ ሲጽፉ የኛንም ነገር ጣል ያድርጉበት።»

«ነቀዙ የታለና?»

«የመጨረሻዋን ማሽላ ከነነቀዟ ቆልተን በላናት።»

«ምን ዓይነት ነበር? ጥቁሩ ነው ቡናማው?»

«ወላሂ፣ ሲቆላ ሁሉም ጥቁር ነው።»

«ለጥናት ትንሽ እንኳ አላስተረፋችሁም?»

«ለታናሿ ልጄም አልደረሳት፣ ጌታው።»

ዋጃ እስክንደርስ ዓይኔን ከአጥኚው ማጅራት ላይ አልነቀልሁም።