ውሃ ልትማር ባሕር የተሻገረችው ማሪት

በመጋቢት ማብቂያ ከፋርጎ ከተማ ወደ ሰሜን ስጓዝ ውሽንፍር መንገዱን ስለዘጋብኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቁርስ ቤት ገባሁ። ባዶ ወንበር የተገኘው ከአንድ ሽማግሌና ከአንዲት ወጣት አጠገብ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ኦርቪል ትቬት የሚባሉ የስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ወጣቷም የልጅ ልጃቸው ማሪት፣ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ናት። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ይፍረዱን! ይህች ልጅ ውሃ ልማር ብላ ሆላንድ ልትሄድ ነው። ወንዙ በየሚያዝያው ሞልቶ ራሱ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ ያስተምረን የለ?»

«እሱማ ያስተምራል፣ አባባ። በየዓመቱ የምንወድቀው እኛ ነን» አለች ማሪት።

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«የሄደ አይመለስም! የጎረቤታችን የሃልቨርሰን ልጅ ለአንድ መንፈቅ ልማር ብሎ ስፔን ሄዶ፣ አግብቶ ቀረ። እናቱ የልጅ ልጇን በስልክ ነው የምትስመው።»

«እዚሁ አገራችን ቺካጎ ሄደው የቀሩትስ? እነሱን የወሰዳቸው የትኛው ባሕር ነው? የኔ ሥራ እዚህ ነው ያለው፣ አባባ። አምና የአያቴን የእማማን ፒያኖ ጭቃ ውስጥ ስናገኘው ያለቀሱት እርስዎ አይደሉም?»

«ብርዱ ነው ያስለቀሰኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «አቶ ትቬት፣ ዱሮ ባሕር ማዶ የሚሄዱት ሐውልት ለማየት የጓጉ የባለጸጋ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ነርሷም፣ የእርሻ ተማሪውም ይሄዳል። የሚሄዱትም የሰፈራቸውን ጥያቄ ተሸክመው ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ እዚያ ምን አለ?»

«እዚያ ወንዙን በግንብ ብቻ አይታገሉትም» አለች ማሪት። «ሲሞላ የሚተኛበት መስክ ይለቁለታል። እኛ ግን ግንባችንን ከፍ ባደረግን ቁጥር ከወንዙ ታች ያሉትን ጎረቤቶቻችንን እናሰጥማለን።»

«ለወንዝ መሬት መልቀቅ? ለሌባ ቁልፍ መስጠት ነው!»

«ሌባው ያለ ቁልፍም እየገባ ነው። የሚያድርበትን ክፍል እንኳ እኛ እንምረጥለት።»

ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ይህን ምላስ ከማን ወረስሽው?»

«ከእርስዎ።»

«እንግዲያው ሂጂ። የተማርሽውን ግን እዚሁ መጥተሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

ማሪት ዓመቱን ጨርሳ ተመለሰች። የከተማው ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔም በተጋበዝኩበት አዳራሽ ቆማ ወንዙ የሚተኛበትን ቦታ በካርታ ስታሳይ፣ ዋናው መስክ የአያቷ ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ አጉረመረመ። «የገዛ አያቷን መሬት!» አለ አንዱ። አቶ ትቬት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ይህን መሬት ያቀናው አባቴ ነው። ልጅቷን ለመርታት ከተመለሰች ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ተከራከርኳት፤ አልቻልኳትም። ውሃው እዚያ ይተኛ።»

ውሃውን ወደ መስኩ የሚመራው ግድብ ከተሠራ በኋላ በመጣው ሚያዝያ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞላ። መስኩ ሐይቅ ሆነ፤ ቤቶቹ ግን አልራሱም፤ ከታች ያሉት መንደሮችም ዳኑ። ለማየት ስሄድ ሽማግሌውን ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«ዘንድሮ ዳክዬ ነው የዘራሁት» አሉኝ። «አበቃቀሉም ደህና ነው።» ቀጥለውም «የጎረቤታችን የቬስትቢ ልጅ አዋላጅነት ለመማር ጋና ልሂድ ብትል አባቷ እንቢ አለ አሉ። መኪና ይዘዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወደ ቬስትቢ ቤት ይዤአቸው ሄድኩ። ባሕር ተሻግሮ የሚማር ልጅ የሌላውን ጥበብ ይቀስማል፤ የራሱን አገር በአዲስ ዓይን ያያል፤ ጎረቤቱንም አብሮ ያድናል። ይህን ሁሉ ለአባትየው ላስረዳ በልቤ ስደረድር ደረስን። በሩ ሲከፈት ግን አቶ ትቬት ቀደሙኝ፤ ሰላምታም አላስቀደሙም፦

«ልጅህን ላካት! እኔ ልኬ ያተረፍኩትን ና ላሳይህ።»