ሦስት ወር ምን አላት

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለክረምት በተዘጋበት ሳምንት፣ አንድ የወንድ ኮት በእኔ ልክ እንዲያጠብቡልኝ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የማን ነው?» አሉ።

«ቤት የነበረ ነው» አልኳቸው። ጠመኔ አንስተው ትከሻው ላይ ምልክት አደረጉበት።

ሱቁ ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ተቀምጦ ነበር። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ካገባ አራት ወሩ። በማግስቱ ጠዋት ሩቅ አገር መንገድ ወደሚሠራበት ካምፕ ለሦስት ወር ሊሄድ ስለነበር፣ አክስቱ የሥራ ሱሪውን እያሳጠሩለት ነው። ፊቱ ግን ሥራ ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

«አክስቴ፣ ብቀርስ?» አለ።

ማሽኑን አቆሙ። «ቀርተህ ምን ልትሆን?»

«ቤተ መጻሕፍቱ በክረምት መጽሐፍ ያስቆጥራል። የካምፑን ግማሽ ነው የሚከፍለው። ግን ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ።»

«አይ የዘንድሮ ሙሽራ! ፍቅር እኮ ልጄ ኪራይ እስኪደርስ ነው። ትምህርት ሲከፈት ማን ሊሰጥህ ነው? እኔ እንደሆንኩ ያለኝ መርፌና ክር ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት።»

«ልክ ከሆንኩ ሂዳ! ሦስት ወር ምን አላት? ጨፈን ገለጥ ብታደርግ አለቀች።»

በሰው ትዳር መግባት ደግ አይደለምና ዝም ልል ነበር። ልጁ ግን ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«ባለቤትህ ምን አለች?»

«ሥራውን ጨርሼ ስነግራት ‹እንደወደድክ› አለች።»

«ይኸው!» አሉ ሰፊዋ። «ጨዋ ልጅ ናት፤ ፈቀደች።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ ‹እንደወደድክ› ፈቃድ አይመስለኝም። ነገሩ ካለቀ በኋላ የሰማ ሰው ሌላ ምን ይላል?»

ይህን ስል የማውቃቸውን ብዙ ሙሽሮች እያሰብኩ ነበር። ስለ ጥሪ ወረቀቱ ቀለም ሦስት ሳምንት ይማከራሉ። ስለ ክረምታቸው ግን የሚወስነው ወይ አክስት ነው፣ ወይ መጀመሪያ የተገኘው ሥራ።

በዚህ መሃል ሙሽራዋ ራሷ ገባች። በእጇ የባሏን ቦት ጫማ ይዛለች፤ ሶሉን አስቀይራለታለች።

«ነይ የኔ ሙሽሪት» አሉ ሰፊዋ፤ «ባልሽ እግሬ አልነሳ ብሎኛል ይላል። ምከሪው።»

ጫማውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። «መሄድ አትፈልግም እንዴ?»

«አንቺ እንድሄድ የፈለግሽ መስሎኝ።»

«እኔ? ጨርሰህ መጥተህ ነገርከኝ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ክፍል የተከራየነው እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው። አራት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። አንዱን ብንለቅ፣ አንተ መጽሐፉን ብትቆጥር፣ እኔም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጽሑፍ ብተይብ፣ ይጠበናል እንጂ ያደርሰናል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ።»

«አንድ ክፍል!» አሉ አክስትየው። «ዘመድ ምን ይላል?»

«ዘመድ ኪራዩን ካልከፈለ ምን ይላል፣ አክስቴ?»

ሰፊዋ ሳይወዱ ሳቁ። እኔም ጊዜው ነው ብዬ «የእርስዎስ ባለቤት ሩቅ ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ስድስት ዓመት። ይሄንን ማሽን የገዛልኝ በዚያ ገንዘብ ነው።» እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ። «አንድ ጊዜ ይመጣል ሲሉኝ አዲስ ሱሪ ሰፍቼ ጠበቅኩት። ሲለብሰው ከወገቡ ወረደ። ለካ ከስቷል። የሰፈሩን ሰው ወገብ ሁሉ በዓይኔ የምለካ ሴት፣ የገዛ ባሌን ወገብ ሳትኩ። ‹ግድ የለም፣ ቀበቶ አለኝ› አለኝ። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።»



«‹ለሚመጣው ክረምት አብረን እንሆናለን› ሲባል የተኖረበት ቤት እኔም አውቃለሁ» አልኩ፣ ዓይኔን ጠመኔ የተደረገበት ኮት ላይ ጥዬ። 

ሰፊዋ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «በል ተነስ፣ ለካምፑ ኃላፊ ደውል። ሳይመሽ ንገረው፤ ቦታውን የሚፈልግ አይጠፋም። እኔ የቆጡን ሳወርድ የብብቴን ጥያለሁ፤ አንተ አትድገመው።»

ባልና ሚስቱ ወጥተው በር ላይ ቆመው ደወሉ።

ክረምቱን በአንድ ክፍል አሳለፉት። የተረፋቸው ገንዘብ አልነበረም፤ የተበደሩትም የለም። እሱ ወጥ መሥራት ተማረ፤ እሷ ደግሞ የሕንፃ ፕላን ማንበብ። ክፉኛ የተጣሉበትም ቀን ነበር፤ ለማኩረፊያ የሚሆን ሁለተኛ ክፍል ስላልነበራቸው ግን እዚያው ታረቁ። ይህን የነገሩኝ አክስትየው ናቸው፤ ዛሬ ዛሬ ሙሽራ ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ፣ ወገቧን ከመለካታቸው በፊት «ተማክራችኋል?» ይላሉ።

እኔም ለአዳዲስ ተጋቢ ተማሪዎች የምለው ብዙ አይደለም። ገንዘብ ማጠር ነውር የለበትም። አንድ ወረቀት አውጡ፤ እርሳሱን ሁለታችሁም ያዙት። ያላችሁን ገንዘብ ስትጽፉ ከጎኑ አብራችሁ የምትሆኑበትን ጊዜ ጻፉ። ገንዘቡ ቢጎድል ሊጨመርበት ይችላል፤ ጊዜው ግን አይጨመርበትም።