ባልዲ ይዘው የመጡት ጎረቤቴ

ቅዳሜ ከሥራ ዝዬ ላፍቶ ኮንዶሚኒየሜ ገባሁና፣ ዛሬ እንኳን እንደ ሰው ልብላ ብዬ ስቴክ ልጠብስ ተነሳሁ። በስልኬ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰውዬ «መጥበሻው እስኪጨስ ይጋል፤ ሥጋውን አትነካኩት» ብሏል። አልነካካሁትም። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ወዲያው ጭሱ አልጋዬን ሸፈነው። መስኮት ልከፍት ስሮጥ በሩ ተበረገደና የፊት ለፊት ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ገቡ።

«እሳት ነው?»

«ኧረ ሥጋ ነው፣ እትዬ። ይቀመጡ፣ እንብላ።»

እንብላ ማለት መቼም አይቀርም። ቆርጬ ሰጠኋቸው። መሃሉ ቀይ ነው። አገላብጠው አዩት። «ጥሬ ከሆነ ጥሬ ነው፣ በአዋዜ እንበላዋለን። ጥብስ ከሆነም ጥብስ ነው። ይሄ ምንድን ነው?» አሉና ቢላዋውን ተቀብለውኝ ሥጋውን ከታተፉት፤ በሽንኩርትና በቃሪያ እንደገና ጠበሱት። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። አጎረሱኝ፤ ጎረስኩ።

በልተን ስንጨርስ ባልዲያቸውን አንስተው በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ሆነን፣ ቤትህን ያየሁት ተቃጠለ ብዬ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ሲሄዱ፣ ጭሱ ይውጣ ብዬ በሩን ክፍት ተውኩት። ጭሱ ግን ወጥቶ አልቆ ነበር።