ሞኒተሮቹ ጠፍተው ስለቆዩበት ሰዓትና ስለ ሩዋን ሱፌን ከፓምፕ ጣቢያው መውጣት

የሹይታን ፖሊስ ጣቢያ፣ የምርመራ ክፍል

የምስክር ስም፦ ጂያን ዌንቾንግ
ዕድሜ፦ 54
የትምህርት ደረጃ፦ በውኃ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ በሹይታን የጎርፍ ውኃ ፓምፕ ጣቢያ ኃላፊ መሐንዲስ
አድራሻ፦ ሹይታን ከተማ፣ የጨው መንገድ፣ የቤት ቁጥር 47፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ በሪፐብሊኩ 113ኛ ዓመት (እ.ኤ.አ. 2024)፣ በ8ኛው ወር፣ በ26ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ፋንግ ይሊንግ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት በዚህ ወር በ22ኛው ቀን ለፖሊስ የቀረበውን፣ እኔም የፈረምኩበትን የጣቢያችንን ሪፖርት ለማረም ነው። ሪፖርቱ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ አፕዴት እንዳደረገና ኦፕሬተሯ ወ/ሮ ሩዋን ሱፌን ያለፈቃድ የሥራ ቦታዋን ለቃ እንደወጣች ይገልጻል። ሁለቱም ሐሰት ነው። በዚህ ሐሰት ምክንያት ወ/ሮ ሩዋን ከሥራ ታግዳለች፤ በቸልተኝነት የሰው አካል በማጉደል ልትከሰስ መሆኑንም ሰምቻለሁ።

ጣቢያችን የባቡር ሐዲዱ ሥር ያለውን የመኪና መተላለፊያ ይጠብቃል። ፓምፖቹ ሰው ሳይነካቸው ይሠራሉ። መኪና እንዳይገባ የሚያግደው የመተላለፊያው መዝጊያ ግን የሰው ዓይን ይፈልጋል። በካሜራው ምስል ውኃው ግድግዳው ላይ ካለው ቀይ መስመር ሲደርስ ኦፕሬተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል፤ መዝጊያውም ይወርዳል። ቁልፉ ከኮምፒውተሩ ጋር አይገናኝም። በዚያን ዕለት ቁልፉ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራ እንደነበር እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። የጎደለው ማየት ብቻ ነው።

ምስሉን የምናየው በሁለት ትልልቅ ሞኒተሮች ነው። ሞኒተሮቹ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዙት በአንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ሳጥን በኩል ሲሆን፣ ምስሉን ወደ ሳጥኗ የሚልከው ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኮምፒውተሩ ዋና ሲስተም ሲታደስ ይህ ፕሮግራም የነበረውን ፈቃድ ሊያጣ እንደሚችል አንብቤ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ልከላከል አልችልም።

በ21ኛው ቀን ከቀኑ 6፡20 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወ/ሮ ሩዋን የምሳ ሣህኗን እያጠበች ሳለ አፕዴቱን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ በራሱ ምንም አላደረገም። ወሩ ሳያልቅ ሁሉም ኮምፒውተሮች እንዲታደሱ ደብዳቤ ደርሶን ነበር፤ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያድር አልወድም። 7፡00 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ተመልሶ ተከፈተ። የራሱ ስክሪን በደንብ ይሠራል፤ ሁለቱ ሞኒተሮች ግን ጨለማ ነበሩ።

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ሳጥኗን አጥፍቼ አበራሁ። በዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ። 7፡25 ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ሲጀምርም እንደ ባልዲ ነበር። ወ/ሮ ሩዋን ከኋላዬ ቆማ፣ “አለቃ፣ እሱን ይተዉትና የመተላለፊያውን ምስል በትንሹ ስክሪን እንክፈተው። ለዓይኔ አይጠበኝም” አለች። እኔም፣ “አንዱን ሳልጨርስ ሌላ አልጀምርም፤ አምስት ደቂቃ ስጪኝ” አልኳት። አምስት ደቂቃው ማለፉን እያየሁ ድራይቨሩን እንደገና አውርጄ ጫንኩ፤ ላፕቶፑንም ሦስት ጊዜ ሪስታርት አደረግሁት። በእያንዳንዱ ሪስታርት ትንሹ ስክሪንም አብሮ ይጠፋ ነበር። ሊያሳየን የሚችለውን ብቸኛ መስኮት ራሴ እየዘጋሁት ነበር።

7፡50 ላይ ወ/ሮ ሩዋን የዝናብ ልብሷን አንስታ፣ “በቃ እኔ ወርጄ በዓይኔ ላየው” አለች። መተላለፊያው ከጣቢያው ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ካሜራ ሲበላሽ አንድ ሠራተኛ መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሞ በሬዲዮ እንዲያሳውቅ የሚል መመሪያ አለን። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “ቆዪ” አልኳት።

አሁን የምናገረውን ሪፖርቱ የደበቀው ስለሚያሳፍር ነው። በማንኛውም የሥራ ማሽን ላይ እንደሚደረገው፣ በዩኤስቢ ሳጥኗም ላይ ለገድ አንድ አረንጓዴ ፓኮ የበቆሎ ቺፕስ ተቀምጦ ነበር። ማሽን እንዳያምፅ የሚቀመጠው አረንጓዴው ብቻ እንደሆነ፣ መከፈት እንደሌለበት፣ ቀኑም ማለፍ እንደሌለበት እዚህ አገር የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ቃሌን በሚመዘግቡት በሳጅን ፋንግ ኮምፒውተር ላይም አንድ አለ፤ ይህም እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ለአዳዲስ ሠራተኞች ነገሩ ቀልድ ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ፓኮውን አንስቼ ጀርባውን ሳየው ቀኑ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ተቆጣሁ። ፓኮውን የመቀየር ተራው የማን እንደነበረ ጠየቅሁ። እሷም፣ “የእርስዎ ነበር፣ አለቃ” አለችኝ።

እኔም፣ “እንግዲያው ሂጂና አዲስ አምጪ፤ አረንጓዴውን፣ ቢጫውን እንዳታመጪብኝ” አልኳት።

“በዚህ ዝናብ? ቀልድ ነው ሲሉን አልነበረም እንዴ? ዲግሪዎ ላይ ይህም ትምህርት ነበረበት?”

“ሱፌን፣ አትከራከሪኝ።”

“እሺ፤ መተላለፊያውንስ ማን ያየዋል?”

“እኔ አለሁ አይደል!”

ወ/ሮ ሩዋን 7፡58 ሰዓት ላይ ወጣች። ሱቁ ያለው ከመተላለፊያው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሰዓቱን ያወቅሁት የበሩ መዝገብ ላይ መውጣቷን ራሷ ስለጻፈች ነው። ያለፈቃድ የሚወጣ ሰው መውጣቱን በመዝገብ አይጽፍም፤ ሪፖርቱን ያዘጋጁት ግን መዝገቡን አልተመለከቱም።

እሷ ከወጣች በኋላ መተላለፊያውን አላየሁም። የላፕቶፑን ቅንብር ገጽ በገጽ ስፈትሽ ቆይቼ 8፡09 ላይ ምክንያቱን አገኘሁት። ድራይቨሩ የስክሪኑን ምስል እንዲያነብ የተሰጠው ፈቃድ በአፕዴቱ ተነሥቶ ነበር። በቅንብሩ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ምልክቱን አድርጌ ሪስታርት አደረግሁ፤ 8፡14 ላይ ሁለቱም ሞኒተሮች በሩ። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ደስታው የቆየው ምስሉ እስኪጠራ ነው።

ውኃው ከቀዩ መስመር በላይ ነበር። አንድ ሞተር ሳይክል በጎኑ ወድቆ መብራቱ ከውኃው በታች ይታያል። ኦይስተር የሚባለው የባሕር ምግብ የተጫነባቸው ሣጥኖች ይንሳፈፋሉ። አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው የእግረኛውን መደገፊያ ብረት ይዘው ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት የ68 ዓመቱ አቶ ኬ ቲያንሹ ናቸው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ መዝጊያው ከኋላቸው ወረደ። ወደ እሳት አደጋ ስደውል እያየኋቸው እጃቸው ብረቱን ለቀቀ።

በዚያው ቅጽበት ወ/ሮ ሩዋን ፓኮውን ከዝናብ ልብሷ ሥር ይዛ ገባች። ሞኒተሩን አየች። ፓኮውን መሬት ጥላ ሮጠች። ውኃው እስከ ደረቷ በሚደርስበት ቦታ ገብታ ሽማግሌውን ያወጣቻቸውና የእሳት አደጋ ሠራተኞች 8፡27 እስኪደርሱ ጭንቅላታቸውን ከውኃ በላይ ይዛ የቆየችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ በጠራው ሞኒተር ተመለከትኩ። አቶ ኬ እስከ ዛሬ ጠዋት ራሳቸውን አላወቁም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቱ ቢሮአቸው ጠርተው ሪፖርቱን ሰጡኝ። “አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ‘ጎርፍ እየመጣ ሠራተኛዬን ቺፕስ ግዢ ብዬ ላክሁ’ ብለህ ልትጽፍ ነው? እናትህ በቴሌቪዥን ይዩህ? ለጡረታህ የቀረህ አንድ ዓመት ነው። ፈርምና ሻይህን ጠጣ” አሉኝ። ፈረምኩ። ሻዩንም ጠጣሁ።

በ24ኛው ቀን ማታ ለወ/ሮ ሩዋን ስልክ ደውዬ ፖሊስ ሲጠይቃት እኔ እንደላክኋት ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት። “ምን ልበል፣ አለቃ? በጎርፍ ሰዓት ቺፕስ ልገዛ ሄድኩ ልበል? ልናገር አፌን ስከፍት ሪፖርቱን አሳዩኝ። የእርስዎን ፊርማ አየሁ። ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል?” ብላ ዘጋችው።

ቃሌ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳጅን ፋንግ መጻፋቸውን አቁመው፣ “አቶ ጂያን፣ ከዚህ በኋላ የሚናገሩት በእርስዎ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። መቆምም ጠበቃ መጥራትም መብትዎ ነው” ብለው አስጠነቀቁኝ። ተረድቼአለሁ፤ እንዲቀጥሉም ጠየቅሁ። ከላይ ስሜ ፊት “ምስክር” የሚለው እንዲለወጥ ብጠይቅም ቅጹ አንዴ ከተከፈተ እንደማይለወጥ ነገሩኝ።

ቃሌ ሲነበብልኝ፣ ወ/ሮ ሩዋን ከወጣችበት እስከ ሞኒተሮቹ መብራት “አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል” ተብሎ የተጻፈውን አሰርዤ አሥራ ስድስት ደቂቃ አስጽፌአለሁ፤ በስርዙም ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌአለሁ። ሌላ የማርመው የለኝም። አፕዴቱን ያዘዝኩት እኔ መሆኔ፣ ሁለት ጊዜ የቀረበልኝን ትክክለኛ ሐሳብ የከለከልኩት እኔ መሆኔ፣ ሩዋን ሱፌንም የወጣችው በእኔ ትእዛዝ ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ይህን በማንኛውም ችሎት፣ እሷ ባለችበት፣ ቆሜ እደግመዋለሁ።

የምስክሩ ፊርማና የአውራ ጣት አሻራ፦ ጂያን ዌንቾንግ

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ፋንግ ይሊንግ

ማሳሰቢያ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከጠዋቱ 5፡05 ሰዓት ላይ በዚያው ወንበር ተቀምጠው በስማቸው የተጠርጣሪ ቃል መቀበያ ቅጽ ተከፍቷል።