ደመናው ማን ነው?

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ደሴ ለምን ይሄዳሉ፣ አባባ?»

«ልጄ ታስራብኝ ስንቅ ላደርስላት ነው። አስተማሪ ናት።»

«አይ! አብሽሩ። ምን አድርጋ ነው?»

«በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ግጥም አነበበች።»

«መንግሥትን የሚነካ?»

«ኧረ ስለ ደመና ነው። ሳይዘንብ ስለሚያልፍ ደመና። እነሱ ግን ‹ደመናው ማን ነው?› ብለው ያዟት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ደመና ነው› አለቻ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ።»

«ያን ሁሉ ታጣቂ ይዘው ግጥም ይፈራሉ?»

«መሣሪያ ቢሆን ፈትሸው ይወስዱት ነበር። ግጥሙን ግን ገበያተኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ከማን አፍ ይቀሙታል?»

«እርስዎም ይችሉታል?»

«አሳምሬ!»

«እስቲ ይበሉልኝ።»



«ለመሆኑ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«እኔ? ነጋዴ ነኝ።»

«ምን ትነግዳለህ?»

«ያው... ያገኘሁትን።»

«እንዲያ ነው? እኔም ሽምግልናው ነው መሰል፣ ግጥሙ ጠፋብኝ።»

ግጥሙ እኔም አፍ ላይ መጥቶ ነበርና ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።