ቀለበት ይወልቃል

ድሮ ነው፤ ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። የቤትና የመኪና ወንበር የማልበስ ሙያ ገና መልመዴ ነበርና፣ አንድ ፍርድ ቤት የመተላለፊያውን አግዳሚዎች እንዳለብስለት አስጠራኝ። ከአንዱ አግዳሚ ጀርባ ተንበርክኬ ሚስማር ስመታ፣ ከፊት በኩል የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የሌላው ድምፅ የጎረምሳ ነው። ፊታቸውን አላየሁም፤ ካወሩትም አብዛኛው ጠፍቶብኛል። ጎረምሳው «ተለያይተናል፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» ያለ ይመስለኛል። እናቲቱ ከመለሱለት ግን ግማሹ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ «ልጄ፣ ቀለበት ይወልቃል…» ቀጥሎ ያሉትን መዶሻዬ ዋጠው። ቀና ብዬ «ምን አሉ እናቴ?» ልላቸው ሲዳዳኝ፣ የሰው ወሬ አድማጭ መባልን ፈርቼ ተውኩት።

ግማሽ ቃል ይዞ መኖር ከባድ ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት በቅርቡ፣ በገዛ ሱቄ ውስጥ ነው። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው፤ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

አንድ ጠዋት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የራሱን መቀመጫ ከመኪናው ነቅሎ፣ እንደ ታመመ ዘመድ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ጓደኞቹ «ፍሬቻ» ይሉታል። ወደ ቀኝ አብርቶ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ነው፤ በመኪናው ሳይሆን በቃሉ።

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ ከምሳ በፊት አድርስልኝ» አለኝ። «መኪናው ተጭኖ ቆሟል። ዛሬ ድንበሩን ካላለፍኩ አልቆልኛል።»

«ስፖንጁ እስከ ሽቦው ተበልቷል። አዲስ መቁረጥ አለብኝ፤ ቆዳውም መለካት አለበት። ጥድፊያ ስፌት ያበላሻል» አልኩት።

«ይበላሽ! ቆሞ መንዳት ቢቻል ኖሮ አንተ ዘንድም አልመጣም።»

ሣጥን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ተቀመጠ ለማለት ያህል ነው እንጂ አልተቀመጠም። ከውጭ የሞተር ብስክሌት ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቱ ይሰግጋል። ስልኩ ሲጮህ ገልብጦ ጭኑ ላይ ያፍነዋል። ከምን እንደሚሸሽ አላወቅኩም፤ በልቤ ግን «አምላኬ፣ ይህን ሰው ከሚሸሸው ነገር ወይ አድነው፣ ወይ አገናኘው» አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት አለኝ፤ የቱ እንደሚሻል ሳላውቅ ስቀር ሁለቱንም አቀርባለሁ።

ስፖንጁን ቆርጬ ሳልጨርስ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ?» ብላ ለእኔ አጎነበሰች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «እዚህ ነህ ጋሼ? መኪናህን መንገድ ዳር ወንበር አልባ ሆኖ አየሁት፤ ከወንበሩ ርቀህ አትሄድም ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ፖሊስ አስከትለሽ ነው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

የእህቱ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት ያሳደጋት፣ እስከ ሕግ ትምህርት ያደረሳት ይኸው አጎቷ ነው። አሁን ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ ክፍል ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ነገ የልጅህ የቀለብ ጉዳይ ቀጠሮ ነው» አለች። «እስካሁን ቀርተሃል። ነገም ከቀረህ መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል። ከዚያ ወዲያ ተይዞ ይቅረብ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም ማሰብ አልፈልግም።»

«ለወለድኩት ልጅ ልታሰር? ሰው ገደልኩ? ሌባ ነኝ?» ብሎ ተነሣ። ወደ እኔም ዞረ። «አንተ ፍረድ ወንድሜ! ይህችን ልጅ ከፊደል ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይኸው ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!»

«እኔ ወንበር አለብሳለሁ እንጂ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አልኩት። ዳኝነቱን ለባለቤቱ ትቼ መርፌዬን ሳብኩ።

«ዘመዴ ነው ብዬ መዝገብህን አልነካሁትም፤ የያዘው ሌላ ሰው ነው» አለች ልጅቱ። «የመጣሁት እንደ መሥሪያ ቤት ሰው አይደለም። ያሳደግከኝ ልጅህ ሆኜ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ልጄ ስሚኝ። እኔ የወለድኳትን አልካድኩም። በሄድኩ ቁጥር ባዶ እጄን ሄጄ አውቃለሁ? ቀሚሱን፣ ብስኩቱን፣ ያቺን ዓይኗን የምትገልጠዋንና የምትጨፍነዋን ትልቅ አሻንጉሊት ማን አመጣላት? ቀለብ ድሮ የሚሰፈረው ለበቅሎ ነው። ልጅ በፍቅር ነው የሚያድገው።»

«አምጥተሃል፤ ማን ካደህ? ግን መቼ መቼ ነው የምታመጣው?»

«ሲመቸኝ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ።»

«መኪናህን ናፍጣ የምትሞላው ሲመችህ ነው?»

«ደሞ ይሄን ምን አመጣው?»

«መልስልኝ እንጂ ጋሼ።»

«ሲጎድል ነዋ!»

«እና ዳገት መሃል ቀጥ ብትልብህ፣ ‹አምና ሞልቼሻለሁ፣ መስተዋትሽንም አስወልውያለሁ፣ ምን ጎደለብሽ?› ትላታለህ? የሰው ሆድም እንዲሁ ነው። በአምና ምሳ ዘንድሮ አይውልም።»

ሳቅ አመለጠኝ። ፍሬቻም ከንፈሩ ሊከፈት ጀምሮ መልሶ ገጠመው።

«አንደበትሽ መቼም…» አለ። «እሺ፣ እናቷ አግብታለች አይደል? እኔ ሌሊት ከቀን መሪ ላይ ተጎልቼ ያገኘሁትን ወስጄ የሌላ ወንድ ጎጆ ላሙቅበት?»

«የእንጀራ አባቷ ጨዋ ሰው ነው፤ አብልቶ ያሳድራታል። ያንተን ልጅ ሌላ ሰው እያበላት አንተ ስለ ጎጆው ታማርራለህ። እስቲ ፍረድ፣ ማን ነው በማን ጎጆ የሚሞቀው?»

ይህ ቃል እኔንም አመመኝ። እሱ ግን ሽንፈትን ቶሎ የሚቀበል ሰው አይደለም።

«ልጄንም አታሳየኝም!»

«እውነት ከሆነ ነገ ቀርበህ ተናገር፤ ልጅህን የማየት መብት አለህ፤ ቀኑ ይወሰንልሃል። ቀለብ ግን የመግቢያ ቲኬት አይደለም። ‹ካላሳየችኝ አልከፍልም› ማለት ከእናት ተጣልቶ ልጅን መምታት ነው። ለመሆኑ በሩን አንኳኩተህ ከልክላህ ታውቃለች? ወይስ ባዶ እጅህን ማንኳኳት አፍረህ ቀረህ?»

ፍሬቻ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተመለሰና ከወለሉ የስፖንጅ ቁራጭ አንስቶ ይበጣጥሰው ጀመር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሙም አስጠልቶኛል» አለ።

«የምኑ ስም?»

«ተቆራጭ! የድርጅታችን ገንዘብ ያዥ ጠርቶኝ ‹ተቆራጭ ሊወሰንብህ ነው› ሲለኝ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። በቃ፣ ልጄ ከእኔ ተቆረጠች፤ ከእንግዲህ በሯን የሚያንኳኳው ገንዘቡ ነው፣ እኔ ቀረሁ አልኩ። መጥሪያ ሲመጣ መሸሽ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።»

ልጅቱ አፏን ይዛ ቀረች። እኔም መርፌዬን አቆምኩ። ስንቱ ሰው ነው ነገሩን ሳያየው ስሙን ሰምቶ የሚሸሽ! ጎልማሳ ሰው፣ ተራራና ገደል የማያስፈራው ሹፌር፣ አንዲት ቃል አባርራው ድንበር ሊያሻግረው ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ አሁን እንደ ሕፃን እያባበለችው፣ «የሚቆረጠው ደመወዝህ ነው እንጂ ልጅህ አይደለችም። እኔን ስታስተምር የትምህርት ቤቱን ክፍያ በየወሩ ከደመወዝህ አስቆርጠህ አልነበር? ለምን እንደዚያ እንዳደረግክ ታስታውሳለህ?»

«እጄ ከገባ ይጠፋብኛል ብዬ ነዋ።»

«ያን ጊዜ ማን ከማን ተቆረጠ? ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ።»

ፍሬቻ አያት። እኔ ሥራዬን ያቀረቀርኩ መስዬ ፊቱን አየሁት። «ቀለበቱን መልሼ ስወጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁሉም ነገር የተዘጋ መስሎኝ ነበር።»

«የመለስከው ቀለበቱን ነው ጋሼ። ቀለቡን አይደለም።»

መርፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ከዚያ አግዳሚ ጀርባ ተንበርክኬ የቀረሁ ያህል ነበር የተሰማኝ።

«ቀለበት ይወልቃል፤ ቀለብ አይወልቅም» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አልክ?» አለኝ ፍሬቻ።

«አንዲት እናት ያሉትን ነው። ግማሹን ያኔ ሰማሁ፤ ግማሹን አሁን።» እናቲቱ በእርግጥ እንደዚያ ብለው እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ምን ሊሉ እንደሚችሉ ግን ሊታየኝ አልቻለም።

«እሺ፣ ይሁን» አለ። «ቅጣቱን ግን ምን ትይዋለሽ? መንጃ ፈቃዴን ነጥቆ ክፈል ማለት፣ ላሚቱን አርዶ ወተት አምጪ ማለት አይደለም?»

«ይህስ እኔንም ያሳስበኛል፣ ልጄ» አልኩ። «የሌለው ሰውስ? ሥራ የፈታው፣ አልጋ የያዘው?»

«ትክክል ነዎት» አለችኝ። «የሌለውን ማሰር ድንጋይ ማለብ ነው። ሕጉ መጀመሪያ ‹ናና አስረዳ› የሚለው ለዚህ ነው። ያጣ ሰው ቀርቦ ካስረዳ ይቀነስለታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል። ቅጣቱ የተሠራው ለሚሸሽ ነው፤ እያለው ለሚሰወር። ጋሼ፣ ዳኛዋ ፈቃድህን ወስዳ ምን ታደርገዋለች? ከባድ መኪና ልትነዳበት ነው? የምትፈልገው አንተን ነው። ቁልቁለት ላይ ‹ፍጥነት ቀንስ› የሚል ምልክት ስታይ መንገዱ ጠላኝ ትላለህ? ምልክቱን የተከሉት ገደሉን አይተው ነው። ደግሞም ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከወደድክ የምትከፍለው አታጣም።»

ፍሬቻ ድንገት ከሣጥኑ ተነሣ። «ወንድሜ፣ አላለቀም?»

የቀረኝ የጀርባው ስፌት ብቻ ነበር። ሰውየውን ከዚህ ከተማ ጋር አስሮ የያዘው በእጄ ያለው አንድ ዘለላ ክር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሆነ ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ፤ መርፌዬ ግን ዘገየ። «ጥቂት ነው የቀረኝ» አልኩ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህና ሂድ» አለች ልጅቱ። «ሰሞኑን ልጅህን ላያት ሄጄ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዋናው መንገድ ዳር ትቆማለች። ድሮ የታርጋህን ቁጥር በቃሏ ይዛ፣ የከባድ መኪናውን ሁሉ ታርጋ እያነበበች አንተን ትፈልግ ነበር። አሁን ላለፈው መኪና ሁሉ እጇን ታውለበልባለች። ‹ለምን ለሁሉም?› ብላት፣ ‹ቁጥሩ አይታየኝም፤ የአባዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው› አለችኝ። የክፍሉ ሰሌዳም አይታያትም። መነጽር ያስፈልጋታል። አንተ ፈቃድህን ባሳደስክ ቁጥር ዓይንህን ትመረመራለህ። እሷን ማን ያስመርምራት?»

ፍሬቻ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ግን እውነተኛ መቀመጥ ነው። ከውጭ አንድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ እንደተመታ ሰው ደነገጠ።

«ሰኞ አልፌ ነበር» አለ። «በዚያ መንገድ። አንዲት ልጅ እጇን ስታውለበልብልኝ ጡሩምባ ነፋሁላት። ‹የማን ልጅ ትሆን? ደስ ስትል› ብዬ አለፍኩ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እኔ አምላኬን አመሰገንኩ፤ ሰውየው የሚሸሸውን ነገር አግኝቶታልና።

አንባቢዬ፣ እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያነበብኩትም ከሥራ ሰዓት የተረፈውን ነው። የዚያን ቀን ግን ይህን ተረዳሁ፦ በየወሩ በራሱ ጊዜ የሚደርስ ቀለብ ሲኖር ልጅ የአባቷን ሆድ መባስና ደስ መሰኘት እየጠበቀች አትበላም። እናት በየሰው ደጅ ለልመና አትቆምም። አባትም አንገቱን ቀና አድርጎ በሩን ያንኳኳል። ቅጣት ፍቅርን አይፈጥርም፤ ያለውን ፍቅር ግን ከእፍረት ጉድጓድ ጎትቶ ማውጣት ይችላል። እንደ መድኃኒት ይመራል፤ የሚጎዳው ሲሸሹት ነው።

ፍሬቻ ስልኩን አነሣና ለድርጅቱ ደወለ። «ጭነቱን ሌላ ሹፌር ይውሰደው፤ መኪናው መንገድ ዳር ነው፣ ወንበሩን እኔ እገጥማለሁ። አይ፣ አልታመምኩም። ነገ ፍርድ ቤት ነኝ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ።

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ ጋሼ።»

«እንደወጣን ልጄን ዓይን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። እናቷን ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ አትቆጪ! ያለፈውን ከአበሌ ቀስ በቀስ ይቀበሉኝ። የወር የወሩ ግን እጄ ሳይገባ፣ እዚያው ገንዘብ ያዡ ዘንድ…» ሁለታችንም ጠበቅነው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይቆረጥ» አለ።

ስፌቱን ጨርሼ መቀሱን ክሩ ላይ አድርጌ ነበር። «ክሩ ነው?» አልኩት።

«እሱም» አለ።