ጎማህን ንፋ

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ረፋድ ላይ፤ ጎሚስታው ጥላዬ በጎማ ጥገናው ደጃፍ ለላይኛው መንገድ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ አሳድጎ ያስተማራት የእህቱ ልጅ ማስተዋል ከፊቱ ቆማለች።

ጥላዬ፦ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ለት፣ እሑድ፣ በታደሰ ሠርግ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከመግቢያው በስተግራ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ! ጥሬ ሥጋው ገና አልተነሳም ነበር። እና አንቺ አሁን ቆመሽ ታከራክሪኛለሽ?

ማስተዋል፦ አልተሰደብክም አላልኩም እኮ ጋሼ። ሰውየው ረስቶታል ነው ያልኩት።

ጥላዬ፦ ማን? ይርዳው?

ማስተዋል፦ ዶክተር ይርዳው።

ጥላዬ፦ ላንቺ ዶክተር ነው። ለእኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ፣ እርሳሴን ተውሶ ያልመለሰ ይርዳው ነው። ረሳሁት አለ?

ማስተዋል፦ የላክሃቸው ሐጂ ይመር ናቸው የነገሩኝ። "ኧረ ምን ብዬ ነው የሰደብኩት?" ብሎ ደንግጦ ጠየቀን አሉ።

ጥላዬ፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጣ በዓመቱ፣ እኔ ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት አንዲት ሐሳብ ጣል ባደርግ፣ "ወንድሜ፣ አንተ ጎማህን ንፋ፤ ምን አገባህ?" አለኝ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሙሽራዋ እንኳ በቬሏ ውስጥ ሳቀች፤ አይቻታለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ተሸክሜው ስዞር እሱ አራግፎት ሄዷል? ይሄ ራሱ ሁለተኛ ስድብ ነው!

ማስተዋል፦ ዛሬ ደግሞ ተራው የይርዳው ሆነ። ትናንት የቀበሌው ጸሐፊ ነበር።

ጥላዬ፦ እሱም አይቀርለትም። "ፊርማህ ዶሮ የጫረችው ይመስላል" ያለኝ እኮ በሕዝብ ፊት ነው።

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ ወደ ጉዳዬ እንመለስ። ሳትነግረኝ ሽማግሌ ለምን ላክህ?

ጥላዬ፦ ላንቺ ብዬ ነዋ!

ማስተዋል፦ ለዶክትሬት ማመልከቻ ሽማግሌ ይላካል?

ጥላዬ፦ አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? "የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ሁለት መምህራን መስክረውልኛል፣ የጥናት ሐሳቤን አስገብቻለሁ፣ የቀረኝ አማካሪና ቃለ መጠይቅ ነው" አላልሽም? አማካሪ ማለት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ፣ "አራት ዓመት አብሮኝ የሚዘልቅ፣ ያለ እሱ ፈቃድ አንድ እርምጃ የማልራመድ፣ እሺ ካላለ ከደጅ የምቀር" አልሽ። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ታዲያ በምን ልላክ? በፖስታ?

ማስተዋል፦ ኢሜይል ጽፌለት ነበር።

ጥላዬ፦ መለሰልሽ?

ማስተዋል፦ ሊመልስልኝ ነበር! እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ጽሑፌን ይዞት መጥቷል፣ አንብቦታል፣ ወዶታል። አንድ ቀን ብትታገሰኝ ኖሮ ፊርማው በእጄ ነበር።

ጥላዬ፦ ወዶታል?

ማስተዋል፦ ወዶታል። ከዚያ ያንተ ሽማግሌዎች ደረሱለት። ሐጂ ይመርና አባ ወልደ ሰንበት በየከዘራቸው ተደግፈው ገቡ። እናቱ እትዬ ዘነቡ "ኧረ ተቀመጡ" ቢሏቸው፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው መሐል ቤት ቆሙ።

ጥላዬ፦ እንዲህ ነው እንጂ ሽማግሌ!

ማስተዋል፦ አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የመጣነው ስለ አንዲት ልጅ ነው" አሉ። እትዬ ዘነቡ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው?

ጥላዬ፦ ምን አደረጉ?

ማስተዋል፦ እልል አሉ!

ጥላዬ፦ እልል?

ማስተዋል፦ ሁለት ጊዜ! ልጃቸው ሃምሳ አልፎታል፣ አላገባም፤ ሴትዮዋ ሽማግሌ በቁሙ ሲያዩ "ከመቼ ወዲህ ነው የሴት ወገን የሚልከው?" ብለው እንኳ አልጠየቁም። ሰፈሩ ሰማ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቋ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ያከብርሻል" አለችኝ።

ጥላዬ፦ ይርዳውን ለማግባትማ እልልታው ያስፈልጋል። የልጅቷን ለቅሶ ይሸፍናል።

ማስተዋል፦ አትሳቅ!

ጥላዬ፦ ማን ሳቀ? ጉንፋን ይዞኝ ነው።

ማስተዋል፦ ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀጥሎ ያለውን ስማ። አባ ምን ጨመሩ? "ከአጎቷ ጋር ያላችሁን የቆየ ቂም በልጅቱ ላይ እንዳትወጣው፣ አደራ።"

ጥላዬ፦ ልክ ናቸው። እኔው ነኝ እንዲህ በሉ ያልኳቸው።

ማስተዋል፦ እሱ እኮ ቂም መኖሩን አያውቅም ነበር! አሁን አወቀ፤ ያውም በሁለት የተከበሩ ምስክሮች ፊት። ከአመልካች ቤተሰብ ጋር ጠብ ያለበት መምህር ያንን አመልካች አይመዝንም፣ አማካሪም አይሆንም፤ ደንባቸው ነው። "ብጥላት ቂሙን ተወጣባት እባላለሁ፣ ባሳልፋት ሽማግሌ ፈርቶ ነው እባላለሁ፤ ራሴን አገላለሁ" አላቸው።

ጥላዬ፦ ሰበብ ነው።

ማስተዋል፦ ሰበብ አይደለም። የሆነስ ሆኖ አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ትል ነበር? የምትጠላው ሰው ልጅ ስትዳኝ?

ጥላዬ፦ እኔማ ቁጭ ብዬ እደሰት ነበር… እሺ፣ ሌላ አማካሪ ፈልጊያ። አገሩ ሁሉ ዶክተር አይደለም እንዴ? ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ዶክተር እገሌ፣ ዶክተር እገሌ ነው።

ማስተዋል፦ ቴሌቪዥን ላይ ያሉት አያማክሩም። ፖለቲካል ሳይንስ ሰፊ ነው ጋሼ፤ አንዱ ስለ ምርጫ ያውቃል፣ አንዱ ስለ ጎረቤት አገር ያውቃል። የተራውን ሰው የፖለቲካ ወሬ የሚያጠና በትምህርት ክፍሉ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። አምና የእሱ ቦታ ሞልቶ፣ አማካሪ አጥቼ ነው ፈተናውን አልፌ የቀረሁት፤ አብረን አልቅሰናል። ዘንድሮም ከቀረሁ የማስተምርበት ኮሌጅ የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድ ያበቃል፤ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ማስተዋል የአንደኛ ዓመት ልጆች ስም ስትጠራ ታረጃለች።

ጥላዬ፦ እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ሽማግሌዎቹን የተናገሩትን መልሼ ላስውጣቸው?

ማስተዋል፦ አንድ መንገድ ትቶልናል። "ጥላዬ ራሱ መጥቶ በመካከላችን ምንም የለም ካለኝ፣ እኔም ለክፍሉ ምንም የለም እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፏ ራሱን ይቻል" ብሏል።

ጥላዬ፦ እኔ? እዚያ ቤት? አንቺ ልጅ፣ እዚያ በር ላይ ዳግመኛ ላልቆም የማልኩት ሳትወለጂ ነው! የአባቱ ለቅሶ እንኳ ድንኳኑ ዳር ደርሼ ነው የተመለስኩት።

ማስተዋል፦ ዳር ድረስ ከሄድክ ውስጥ መግባት ምን ይከብዳል?

ጥላዬ፦ አለ እንጂ! በመካከላችን ብዙ ነገር አለ! የለም ብል ውሸት ነው። እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ።

ማስተዋል፦ የረሳውን ነገር እንዴት አድርጎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?

ጥላዬ፦ ልንገረውና ያስታውስ። ቀኑን፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን። ካስታወሰ በኋላ ይጠይቀኝ።

ማስተዋል፦ ጊዜ የለም እኮ። ጠዋት ሊነሳ ሻንጣውን ጭኖ ነበር፤ የመኪናው የፊት ጎማ ተኝቶበት ነው እስካሁን የቆየው።

ጥላዬ፦ ምን አልሽ?

ማስተዋል፦ ጎማው ተንፍሷል። ትርፍ ጎማውም ባዶ ነው። እትዬ ዘነቡ "ጥላዬ አጠገባችን እያለ ምን አስጨነቀህ?" ቢሉት "አይመጣልኝም" አላቸው። አሁን ከፒያሳ ጎሚስታ እንዲያመጣለት ሰው ልኮ ተቀምጧል።

ጥላዬ፦ ጎማህን ንፋ ያለኝ ሰው… ጎማው ተነፈሰ?

ማስተዋል፦ ደስ አይበልህ።

ጥላዬ፦ እንዴት ደስ አይለኝም? ሰው ፈርዶ ሳይሰጠኝ የቀረውን ሚስማር ፈረደልኝ! ቆይ፣ የትኛው ጎማ ነው? የቀኙ?

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተ አይደለህም አይደል ያስተነፈስከው?

ጥላዬ፦ እኔ ጎማ የምነፋ ሰው ነኝ፣ የማስተነፍስ አይደለሁም! እንደሱ ቢሆንማ ሃያ ስምንት ዓመት ለምን እጠብቃለሁ? በየበዓሉ እኮ መኪናውን እዚህ ላይኛው መንገድ ዳር ነው የሚያቆመው። አንድ ቀን እንኳ… አንድ ቀን ብቻ ቆሜ አይቼዋለሁ። ማየት ወንጀል ነው?

ማስተዋል፦ አይደለም። እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ያልነገርኩህ።

ጥላዬ፦ አረገዝኩ እንዳትዪኝ ብቻ፣ ሰፈሩ ዝግጁ ነው።

ማስተዋል፦ የጥናት ሐሳቤ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ጥላዬ፦ ፖለቲካ ነው። ፖለቲካ ደግሞ የማያገባኝ መሆኑ በድንኳን ውስጥ ታውጇል።

ማስተዋል፦ እሱ ነው ጥያቄው። "በአገር ጉዳይ ምን አገባህ የተባለ ሰው፣ ከተባለ በኋላ ምን ያደርጋል?" አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ሬዲዮ ይገዛል። ጠዋትና ማታ ዜና ያዳምጣል፣ ጎማ ሊያስጠግን ከቆመ ሹፌር ጋር ሁሉ ይከራከራል፣ የእህቱን ልጅ ከማታ ትምህርት ሲመልሳት በየመንገዱ ስለ ምክር ቤት ያስረዳታል።

ጥላዬ፦ …ያ ሬዲዮ ጥሩ ሬዲዮ ነበር።

ማስተዋል፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ድንኳን ስትተርክልኝ ነው ያደግኩት። ሌላው ልጅ ተረት ይነገረዋል፣ ለእኔ የታደሰ ሠርግ ነው የሚነገረኝ። ሳስበው ሳስበው ጥያቄ ሆነብኝ። ዶክተር ይርዳው ጽሑፌ ግርጌ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃለህ? "ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ የመጣ አይመስልም፤ ከየት አገኘሽው?"

ጥላዬ፦ እሱ? እሱ ራሱ ነው ከየት አገኘሽው ብሎ የጠየቀሽ?

ማስተዋል፦ እሱ ራሱ።

ጥላዬ፦ ምን ብለሽ መለስሽለት?

ማስተዋል፦ አልመለስኩም። የሚመለሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው፣ መምህራኑ ሁሉ ተሰብስበው። "ሸዋ በር ካለ አንድ ጎሚስታ ነው ያገኘሁት" ብዬ እጀምራለሁ። ቀኑን እነግራቸዋለሁ፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን…

ጥላዬ፦ ጥሬ ሥጋው እንዳልተነሳ።

ማስተዋል፦ እሱንም።

ጥላዬ፦ ሙሽራዋ መሳቋን አትዝለይው። ስሙንስ ትጠሪዋለሽ?

ማስተዋል፦ አልጠራም። ሲሰማ ራሱ ያስታውሰው።

ጥላዬ፦ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ!

ማስተዋል፦ መነሳትም አይችልም፤ ጠያቂው እሱ ነው።

ጥላዬ፦ ከረባቱን አስሮ… ኧረ ይቺን ቀን!

ማስተዋል፦ ግን እዚያ ክፍል የምገባው፣ አንተ በመካከላችን ምንም የለም ካልክ ብቻ ነው። ደግሞ ለበቀል ብለህ ከሆነ አትሂድ፤ ፊትህ ላይ ያስታውቃል፣ እሱም ሞኝ አይደለም። መቅረትም ካለብኝ እቀራለሁ፤ አልቀየምህም፣ አሳድገኸኛል።

ጥላዬ፦ እንዲህ አትበይኝ።

ማስተዋል፦ እውነቴን ነው። አንተ ቂምህን ተንከባክበህ ያዝ፣ እኔ የአንደኛ ዓመት ልጆቼን ስም እጠራለሁ። እዚሁ ደጃፍ ላይ አብረን እናረጃለን፤ ለአንተ የድንኳኑን ወሬ የሚሰማህ ሰው አታጣም።

ጥላዬ፦ ያ የፒያሳው ጎሚስታ የጎማ ብሎን አያያዝ እንኳ በወጉ አያውቅም።

ማስተዋል፦ ወሬ አትቀይር። ፊት ለፊት ልጠይቅህ ጋሼ፤ ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ መልስልኝ። ይቅር ትለዋለህ ወይስ አትለውም?… ጋሼ? ተነሳህ እንዴ? መልስልኝ እንጂ! የት ነው?… ወደ ላይ ነው እንዴ የምትሄደው? በማርያም፣ መፍቻውን አስቀምጥ! ሐጂ! ሐጂ ይመር፣ ቶሎ ይውጡ! ጋሽ ጥላዬ የጎማ መፍቻ ጨብጦ ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት እየወጣ ነው፣ ይያዙልኝ!… ቆይ፣ ቆይ… ይተውት ሐጂ፣ ይመለሱ። መንፊያውንም ይዟል።